ለእንግዳ የተቀመጠው ማሽን

አንባቢዎቼ፣ ከሁሉ በፊት ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ የኖርኩት እንደዚያ ነው። አሁንም ማንንም ላለማስቀየም እየተጠነቀቅኩ ነው የምጽፈው። የሚያስቀይም ነገር ካገኛችሁ ግን ጥፋቱ የጽሑፉ ሳይሆን የሆነው ነገር ነው።

ሰላም እባላለሁ። ያደግኩት ተፍኪ ነው፤ የምማረው ሰበታ ካሉት የሙያ ኮሌጆች በአንዱ፣ በማኑፋክቸሪንግ ክፍል። በየክፍሉ አንዲት ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ መምህሩ ጠመኔ ሲወድቅበት ከመምህሩ ቀድማ የምታነሳ ልጅ አትጠፋም። እኔ ያቺ ነበርኩ። ጓደኛዬ ቦንሳ «ሰሊ፣ አንቺኮ ለበሩም ‹እንደምን አደርክ› ትይዋለሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ በሩ ቢመልስልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የክፍላችን ኩራት አንድ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ነው። ለማታውቁት፣ ኮምፒውተር እያዘዘው ብረትን እንደ ሳሙና የሚቀርጽ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ትልቅ ማሽን ነው። ኮሌጁ በመከራ ነው ያገኘው። ስለዚህም ከመጣ ጀምሮ ላስቲክ ለብሶ ተቀመጠ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ መኮንን ምክንያቱን ሲያስረዱን «ማሽን የሚበላሸው መቼ ነው? ሲሠራ ነው» አሉን። ይህን ማስተባበል አይቻልም። የማይሠራ ማሽን እየሠራ ሲበላሽ ያየ ሰው የለም።

አቶ መኮንን በጣም የሚከበሩ ሰው ናቸው። ነጭ ጋዋናቸው ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ታይታ አታውቅም። በዚህ ሙያ ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ እንዲህ ንጹሕ መሆን ቀላል ችሎታ አይደለም። ከሁሉም የሚወዱት ቃል ደግሞ «የቅድመ መከላከል ጥገና» ነው። በስብሰባ ይሉታል፤ በሰልፍ ላይ ይሉታል፤ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሟቹ ስኳር እንደነበረበት ሲነገራቸው «የቅድመ መከላከል ጥገና ጎድሎት ነው» ማለታቸውን ሰምተናል።

እና ያንን ማሽን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህራችን ኦቦ ገመቹ ጡረታ የቀረባቸው፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። በጠመኔ ማሽኑን ይስሉልናል፤ በጠመኔ ብረቱን ሞርሳ በሚባለው መቆንጠጫ ያስሩልናል፤ በጠመኔ እንቆርጠዋለን። አንድም መቁረጫ አልተሰበረብንም። ጠዋት ጠዋት መደረግ ያለበትን ጥገናም እንዲሁ በሰሌዳ ተማርን፦ የሐዲዶቹን ዘይት አይቶ መሙላት፣ ማጣሪያውን ማራገፍ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሹን መፈተሽ፣ ፍቅፋቂውን መጥረግ። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ማሽኑ ግን ከኛ በላስቲክ ተለይቶ እዚያው ጥግ ቆሟል።

አንድ ቀን አቶ መኮንን ክፍል ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«እንግዶች ሊመጡብን ነው» አሉ። ከተማችን ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ለትብብር ሥልጠና ተማሪዎችን ሊወስድ አስቧል፤ ግን በቅድሚያ የቴክኒክ ኃላፊዋ መጥታ ማሽናችን ሲሠራ ማየት ትፈልጋለች። «ከተሳካ ሁላችሁም ፋብሪካ ትገባላችሁ። ካልተሳካ…» ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከቱ። ከአጥሩ ማዶ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አለ። ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የተመደቡት እዚያ ነው። አንደኛው ሲኤንሲ ኦፕሬተር እሆናለሁ ብሎ ገብቶ፣ ዛሬ የአጥር ጦር ያሾላል። አያፍርበትም፤ እንጀራው ነው። ግን ያመለጠው ነገር እንዳለ ዓይኑ ይናገራል።

«ማሽኑን የምታስነሳው ሰላም ናት» አሉ አቶ መኮንን። «ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭነሽ ፈገግ ትያለሽ። ሌላ ነገር የለውም።»

ደስታዬን አልነግራችሁም። ፈገግታ የምችለው ነገር ነው።

በዋዜማው የቅድመ መከላከል ጥገናው ተጀመረ። ላስቲኩ ተነስቶ ታጠበና ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ወለሉ አዲስ ግራጫ ቀለም ተቀባ። ማሽኑ በመኪና ፖሊሽ ታሸ። ከዚያ አቶ መኮንን ጎንበስ ብለው የማሽኑ ጠረጴዛ የሚንሸራተትባቸውን ሐዲዶች አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚያጣብቀው?»

«ዘይት ነው» አልኩ፤ መልሱን ማወቄ አስደስቶኝ።

«በቤንዚን ይጠረግ።»

ኦቦ ገመቹ ካሉበት ቀና አሉ። «ያ ዋቃ! አቶ መኮንን፣ ሐዲዱ እኮ በዘይት ነው የሚሄደው።»

«ኦቦ ገመቹ፣ እንግዳ በእጁ ቢነካውስ? ልብሱ ቢበላሽስ?»

ሐዲዶቹ በቤንዚን ተጠረጉ፤ እንደ መስታወት አበሩ። ቀጥሎ ከማሽኑ ጀርባ ካለችው የዘይት ጋን አንዲት ጠብታ በአዲሱ ቀለም ላይ ጠብ አለች። አቶ መኮንን ጠብታዋን እንደ ጠላት አዩዋት። «ይቀዳ!» አሉ፤ ዘይቱ ተቀድቶ ወጣ። ማሽኑ ሊሞከር በርቶ ነበርና ጋኗ ባዶ ስትሆን መቆጣጠሪያው ላይ ቀይ መብራት በራ። ማሽኑ በሚያውቀው ቋንቋ «ጠምቶኛል» ማለቱ ነው።

«ቀይ መብራት ለእንግዳ ጥሩ አይደለም» አሉ አቶ መኮንን። ከጠረጴዛ መሳቢያ አንድ የጠርሙስ ቡሽ አመጡ፤ የጋኗን ክዳን ከፈቱ። እውስጧ ዘይቱ ሲጎድል አብሮ የሚወርድ ተንሳፋፊ አለ፤ መብራቱን የሚያበራው እሱ ነው። ቡሹን ከሥሩ ወሸቁት። ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ቀረ። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«ችግር መፍታት ማለት ይሄ ነው» አሉና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ጋዋናቸውን ምንም አልነካውም።

ከግቢ ስንወጣ ቦንሳን «ነገ እንዲሁ ቢነሳ እኮ ብረት ብረትን ይበላዋል» አልኩት።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«ኦቦ ገመቹ ነግረዋቸው አልሰሙም። እኔ ማን ነኝ?»

«አንቺ ጣትሽን የምታውሺ ነሽ» አለ። «ሲጢጥ ሲል ግን የሚወቀሰው ጣት ነው። ሼም ነው ሰሊ፤ ማሽኑ የተበላሸው አስነሺዋ አያያዝ ስላልቻለች ነው ይባላል። እኛም አጥር ማዶ እንገናኛለን። የአጥር ጦር እኔ ሾል አደርጋለሁ፣ አንቺ ትቀቢያለሽ።»

ብሳቅ ደስ ይለኝ ነበር። ብናገር እንግዶቹ ፊት ኮሌጁን አዋርጄ ሁላችንንም ፋብሪካውን አሳጣለሁ። ብጫነው ማሽኑ እንግዶቹ ፊት ይጮኻል፤ እንደገና ፋብሪካውን እናጣለን። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ጨዋነት እንዳለው ሳሰላስል ተፍኪ የደረስኩት ሳላውቀው ነው፤ የታክሲው ረዳት «የት ነሽ እህት፣ መጨረሻ ነው» ብሎ አወረደኝ።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ በር ላይ አገኙኝና እንደ ልጃቸው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?»

«ደህና አደርኩ፣ ኦቦ። አንቱ እንዴት አደሩ? እባክዎ፣ ዛሬ አንድ ነገር ይበሏቸው።»

«ብያለሁ። ትናንት ብያለሁ፤ ከዚያም በፊት ብያለሁ። እኔ ገና ጡረታ አልወጣሁም፤ አፌ ግን ቀድሞ ወጥቷል» አሉና መነጽራቸውን ሊፈልጉ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገቡ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር።

እንግዶቹ መጡ። የፋብሪካዋ የቴክኒክ ኃላፊ ኢንጂነር ሜሮን የምትባል፣ ጫማዋ የሥራ ጫማ የሆነ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ከሷ ጋር አንድ የሥራ ባልደረባዋና ሾፌሯ አሉ። አቶ መኮንን ንግግር አደረጉ። ስለ ቅድመ መከላከል ጥገና ባሕላችን ሲናገሩ ድምፃቸው ሲርገበገብ ሰማሁ፤ ከልባቸው ነበር። ከዚያ ላስቲኩ እንደ ሐውልት መጋረጃ በቀስታ ተገለጠ። ተጨበጨበ። ማሽኑ አበራ። ሞርሳው ላይ አንድ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ታስሯል፤ ማሽኑ የሚቀርጽበት ጽሑፍ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ነው።

«አሁን ተማሪያችን ሰላም ታስነሳዋለች።»

ወደ ፊት ወጣሁ። ዋናው ማብሪያ በርቷል። ቀይ መብራት የለም፤ ሁሉ ሰላም ነው። ቡሹ ሥራውን እየሠራ ነው። አረንጓዴው ቁልፍ ላይ ጣቴን አደረግኩ። ቁልፉ ቀዝቃዛ ነበር። ከኋላዬ ቦንሳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። አቶ መኮንን በዓይናቸው «ፈገግ» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ጣቴ ግን አልተጫነም።

«ችግር አለ?» አለች ኢንጂነር ሜሮን።

«የለም» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት ተፈትሿል?»

«በየቀኑ!» አሉ አቶ መኮንን፣ እኔ የተጠየቅኩትን ቀድመው።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ጀግና ሆንኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የክፍሌን ኃላፊ በእንግዳ ፊት «ውሸት ነው» የምል ሰው አይደለሁም፤ ምላሴ ይታሰራል። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትልቅ ሰው ማመስገን። እሱን አደረግኩ።

«አቶ መኮንን ሁልጊዜ የሚያስተምሩን» አልኩ፤ «ማሽን ከመነሳቱ በፊት የቅድመ መከላከል ጥገናው ይቅደም ብለው ነው። በሳቸው ክፍል ማንም ሳይፈትሽ ቁልፍ አይጫንም። ለእንግዶቻችን ከመጀመሪያው ብናሳይ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።»

የአቶ መኮንን ፊት ሁለት ቦታ ተከፈለ ማለት እችላለሁ፤ ከላይ ያለው ተገረመ፣ ከታች ያለው ግን የምስጋና ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም። በሰው ፊት የተመሰገነ ሰው «አይ፣ እኔ እንዲህ አላስተምርም» እንዴት ይላል?

«በጣም ደስ ይለኛል» አለች ኢንጂነር ሜሮን፤ ወንበሩን ትታ ቀረበች።

ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁ። ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞርኩና የጋኗን ክዳን ከፈትኩ። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። እጄን አስገብቼ ቡሹን አወጣሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዲት የጠርሙስ ቡሽ እንዲህ ትልቅ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች ኢንጂነሯ።

«ቡሽ ነው» አልኩ።

«ምን ይሠራል?»

ቡሹን እያገላበጥኩ አየሁት። በመስኮቱ የብየዳ ቤቱ ብልጭታ ይታየኛል፤ አሁን ፋብሪካው ከእጃችን ወጥቷል ብዬ ቆርጬ ነበር። ይኼኔ ከኋላዬ የአቶ መኮንን ድምፅ መጣ።

«ለፈተና ነው!»

ሁሉም ዞረ።

«ሆን ብለን ነው የምናስገባው» አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ፣ ድምፃቸው ላይ ግን ሥልጣን ነበር። «ብልሽት እንደብቃለን፤ ተማሪዎቹ ፈልገው ያገኛሉ። ዘመናዊ ዘዴ ነው።»

ኢንጂነር ሜሮን አንድ ጊዜ ቡሹን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አየች። ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ተኛ።

«ግሩም ነው» አለች። «ሌላስ ደብቃችኋል?»

«እ… ብዙ ነው።»

«እንግዲያው እናግኛቸው» ብላ ጃኬቷን አውልቃ ለሾፌሯ ሰጠችው።

ያን ቀን የሆነውን አሁንም ሳስታውሰው እስቃለሁ። ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን ድንገት አገኙና ካቻቪቴ ይዘው ከዕቃ ክፍሉ ወጡ። ጡረታ የወጣው አፋቸው ወደ ሥራ ተመለሰ፤ «በለው ቦንሳ! ማጣሪያውን አውጣው! ኧረ ተው፣ እንደዚያ አይደለም!» ይላሉ። ማጣሪያው እንደ ወንፊት ሳይሆን እንደ ፍራሽ ሆኖ ወጣ። «ይሄም ፈተና ነው?» ትላለች ኢንጂነሯ። «አዎ፣ ፈተና ነው» ይላሉ አቶ መኮንን። ማሽኑ በተተከለ ጊዜ ተሞልቶ የተረሳው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተከፈተ፤ ሽታው የሥራ ባልደረባዋን እስከ በሩ ሸኘው። «ይሄስ?» «እሱም ታስቦበት ነው።»

ትልቁ ግኝት ግን የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ኦቦ ገመቹ ኃይሉ መቋረጡን ደግመው አረጋግጠው ሲከፍቱት አንዲት አይጥ ዘላ ወጣችና በአዲሱ ቀለም ላይ ሮጠች። ከሽቦዎቹ ሥር ጎጆዋ አለ። ቦንሳ ጎጆውን በብሩሽ ሲያወጣው ከወረቀት የተሠራ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የዘይት ጋን ሥዕል ይታያል። የማሽኑ መመሪያ ነበር። ስንት ጊዜ ስንፈልገው ጠፍቷል የተባለው መመሪያ!

«አቶ መኮንን» አለ ቦንሳ በጣም ትሑት ሆኖ፣ «አይጧንም እርስዎ ነዎት ያስገቧት?»

የሳቀ የለም። ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ ነበር። አቶ መኮንን ጋዋናቸውን አስተካከሉ።

«አይጧ» አሉ፣ «በራሷ ተነሳሽነት ነው።»

ያኔ ኢንጂነር ሜሮን ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ምሕረት ያድርግልኝና እኔም ሳቅኩ። አቶ መኮንንም መጨረሻ ላይ ሳቁ። በሕይወቴ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ደግ ፊት አላቸው።

ለሐዲዶቹ የሚሆን ንጹሕ ዘይት በኮሌጁ አልተገኘም፤ ያ የተቀዳው ከቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ነበር። ኢንጂነሯ ሾፌሯን ወደ ፋብሪካው ላከችው። ዘይቱ እስኪመጣ እኛ ሐዲዱን ጠረግን፤ አይጧ የቀረጠፈችው ሽቦ እንዳለ አንድ በአንድ አየን። ደግነቱ ከሽቦ ይልቅ ንባብ ትወድ ነበር። ዘይቱ መጣ፤ ሞላን። ጠረጴዛውን መጀመሪያ በዝግታ ወዲያና ወዲህ አንሸራሸርነው። ዘይቱ ቀስ እያለ ሐዲዱ ላይ እንደ ላብ ወጣ። አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ሁሉም አቶ መኮንንን አየ። እሳቸው ጣራውን አዩ።

«አሁን ተጫኚው» አለችኝ ኢንጂነሯ።

ተጫንኩት። ማሽኑ ዘፈነ ብል ታጋንናለች ትላላችሁ፤ ግን ድምፁን ብትሰሙት እናንተም እንደዚያ ትሉ ነበር። ጠመኔ እንዲህ አይልም። ማሽኑ ቀርጾ ሲጨርስ እንግዶቹ ለመሄድ ተነስተው ነበር፤ ስለዚህ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ሰሌዳ ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት «ደህና ሁኑ» እያልን አስረከብናቸው።

«ተማሪዎቹን እወስዳለሁ» አለች ኢንጂነር ሜሮን ለአቶ መኮንን። «በአንድ ነገር ብቻ። ሌላ ጊዜ ሳልነግርዎ ስመጣ ወለሉ ላይ ዘይት ማየት እፈልጋለሁ። ላስቲክ ካየሁ ግን ከበሩ እመለሳለሁ።»

«ይደረጋል» አሉ።

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ቡሹን ደግሞ እኔ ልውሰደው፤ ለኛም ፋብሪካ ‹ፈተና› ያስፈልገናል።»

መኪናው ጋ ስሸኛት ጎንበስ ብላ «ማን እንዳስገባው አልጠይቅሽም» አለችኝ። «ጣትሽ ለምን እንደቆየ ግን አይቻለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ አቶ መኮንን ቢሮ ጠሩኝ። ገባሁ። በሩን ዘጉ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ እቤት የምለውን እያሰብኩ ነበር።

«ሰላም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «የዚያን ቀን በጣም ተናበን ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ አቶ መኮንን» አልኩ።

ዛሬ «ብልሽት ደብቆ የማስተማር ዘዴ» በሳቸው ስም የሚነገር ነገር ሆኗል። ቡራዩና ሱሉልታ ካሉ ኮሌጆች መምህራን መጥተው ልምድ ወስደዋል። እሳቸውም በየሳምንቱ አንድ ብልሽት በእርግጥ ይደብቁልናል፤ ከቡሹ ወዲህ ግን ማሽኑን የሚጎዳ ነገር አይነኩም። አንድ ቀን ጋዋናቸው እጅጌ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ፤ ሳልናገር አለፍኩ። ለኔ የተሰጠኝ ሽልማት ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ እየገባሁ ማሽኑን መፈተሽ ነው። ቅጣት ይሁን ሽልማት እስካሁን አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። አሁንም ሰው ማስደሰት እወዳለሁ፤ አሁንም የወደቀ ጠመኔ አነሳለሁ። ግን ከዚያ በፊት ሰውን ማስደሰት ማለት ዝም ማለት ይመስለኝ ነበር። ማሽን ይሉኝታ የለውም። ደረቱን በፖሊሽ ስላሸነው ብቻ አያፍርልንም፤ እንግዳ ነው ብሎ አይታገስልንም። ዘይት ካጣ ይጮኻል። ከሱ ጋር በየጠዋቱ ስውል ትንሽ ተጋባብኝ መሰለኝ፤ የጠማውን ነገር «ጠምቶታል» ማለት ጀመርኩ። እናንተም ቤት ሪሞቱ ላስቲኩ ሳይወልቅ ቁልፎቹ የጠፉበት፣ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠው ብርጭቆ እንግዳ ሲመጣ የማይገኝበት ጊዜ ካለ፣ የምለው ይገባችኋል። አልፈርድባችሁም፤ እኛም ቤት እንደዚሁ ነው።

የማሽኑ ላስቲክስ የት ሄደ? አልተጣለም። አቶ መኮንን አዲስ የቢሮ ወንበር ተሰጥቷቸው ነበር፤ በልኩ ተቆርጦ ለብሶታል። በቀደም የጠዋቱን ፍተሻ ልፈርም ገብቼ ሳለ፣ ወደ ኋላ ሲደገፉ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ድሮ ቢሆን አልሰማሁም ብዬ አቀረቅር ነበር።

«አቶ መኮንን» አልኩ፣ «ዘይት ላምጣለት?»

ተነስተው ላስቲኩን ከጠርዙ ያዙና ይልጡት ጀመር።